ያልሠራውን ለኮሮና አንስጠው

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የኮሮና ወረርሽኝ የአዲስ አበባን ሰው ባህልና ማንነት ከሥሩ ነቅሎታል። ሰላምታ ቀዝቅዟል፣ ጉርሻ ቀርቷል፣ ለቅሶ መድረስ በስልክና በሞባይል ብር ተተክቷል፣ ዕድርም ወርሃዊ መዋጮ መሰብሰቢያ ብቻ ሆኗል። ያኔ ሕዝቡ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ የሄደው ባለመማሩና ለሌላው ባለማሰቡ ነው። እንዲህ ያለ የባህል መናወጥ በታሪካችን ታይቶ አይታወቅም። አንድ ነገር ግን ተጠቅመናል፤ መከራው አንድ ሕዝብ አድርጎናል። ለማስረጃም ፒያሳን ይጠቅሳሉ፤ ሰው ለሰው የሚኖርበት ሰፈር ዛሬ ጎረቤት ጎረቤቱን የማያውቅበት ሆኗል ይላሉ። መፍትሔ ያሉት ደግሞ ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ዕድሮች በሕግ ኃላፊነት እንዲሰጣቸው ነው።

እኔ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ወረርሽኙ በገባበት ጊዜ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ስለነበርኩ የአባላቱም የለቅሶውም መዝገብ በእጄ ነበር። ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ ናፍቆቱም ይገባኛል። ግን ብዙ ቦታ ላይ ጥፋቱን ላልሠራው ሰጥቶ የሠራውን በነፃ አሰናብቶታል። ተራ በተራ ልሂድበት፤ አንዳንዱ ላይ ብቆይ፣ አንዳንዱን ዘልዬ ባልፍ ቅር እንዳይላችሁ።

ከቀላሉ ልጀምር። ሰላምታ ቀዝቅዟል ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ጸሐፊው ከአራት ኪሎ እስከ ጊዮርጊስ በእግር ይሂዱና ይዩ። በ2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ መጨባበጥን ከልክሎ ነበር። ሰውም በክርኑ ሲገፋፋ፣ በጫማ ጫፍ ሲነካካ፣ በራሱም ሲስቅ ከረመ። ከዚያ ማንም «ተፈቅዷል» ብሎ ሳያውጅ ትከሻ ለትከሻ መጋጨቱ ተመለሰ፣ ጉንጭ መሳሳሙም ተመለሰ። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለትን ጽሑፉ «ወረርሽኙ ያመጣው የርቀት ሰላምታ» አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህ እኮ አያቶቻችን ለታላቅ ሰው እጅ የሚነሱበት ወግ ነው፤ ከመጨባበጡ ይልቅ የኖረውም እሱ ነው። ጉርሻማ ጨርሶ አልሄደም። ማስክ ግዴታ በነበረበት ወቅት በተደገሰ ድግስ ላይ ሰዎች ማስካቸውን ዝቅ እያደረጉ ሲጎራረሱ አይቻለሁ። «በሞቴ» የተባለ ሰው ምን ያድርግ? ለጤና ጥሩ ነበር አልልም፤ ቀርቷል ከሚል ሰው ጋር ግን አልስማማም።

ለቅሶው ላይ ልቆይ። የጽሑፉ ዋና ክርክር የቆመው እሱ ላይ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ወዲያው ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ከአራት ሰው በላይ! ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ለማያውቅ ሰው ቀላል ቁጥር ነው። ለእኛ ድንኳን የሚተክሉት ብቻ ከዚያ ይበልጣሉ። አግዳሚ የሚያመላልስ አለ፣ ንፍሮ የሚቀቅል አለ፣ ውሃ የሚቀዳ አለ፣ ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድር አለ። ለቅሶ ማለት እኛ ሰፈር የሥራ ክፍፍል ነው።

የዕድራችን ኮሚቴ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተራርቆ ቆሞ ተሰበሰበ። ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት ስለማይቻል ያለ ጉባኤ መወሰን ነበረበት። ድንኳኑ ይተከል ወይስ አይተከል በሚለው ላይ ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ጎንና ጎኑ ሳይሸፈን ጣሪያው ብቻ እንዲተከል፣ አግዳሚዎቹም እንዲራራቁ ተስማማን። መግቢያው ላይ ቧንቧ የተበሳለት ጀሪካን በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሳሙናው ማንም እንዳይወስደው ተበስቶ በሲባጎ ከጀሪካኑ እጀታ ጋር ታሰረ። ጡሩምባ ነፊያችን የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ከተናገረ በኋላ አዲስ ነገር ጨመረ፤ «ወደ ቀብር የሚወጣው ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ሌላው በየበራችሁ!» እያለ ዞረ።

ይህ «በየበራችሁ» የሚለው ነገር የመጣው ልጃቸውን ካጡ አንዲት እናት ጋር በተደረገ ንግግር ነው። ኮሚቴው የመንግሥትን ክልከላ ሊያስረዳቸው ሲገባ እናትየው ቀና ብለው፣ «ልጄን እንደ ሌባ በጓሮ በር ልታስወጡብኝ ነው?» አሉ። የዕድሩ ዳኛ በዕድሜም በንግግርም የከበዱ ሰው ናቸው። «እትዬ፣ በዋናው በር ነው የሚወጣው፤ ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ይሸኘዋል» ብለው መለሱላቸው። እንዳሉትም ሆነ። አስከሬኑ ሲወጣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ከላይኛው መታጠፊያ እስከ አስፋልቱ ድረስ በየደጃፋቸው ቆመው ነበር። ንፍሮውም በትንንሽ ፌስታል ተቋጥሮ በየቤቱ ዞረ። ይህ ለጸሐፊው የለቅሶ መሞት ከሆነ ትርጉማችን ተለያይቷል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላየው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። እኛ ዘንድ ለቅሶ ብድር ነው፤ የቀረ ሰው ያውቀዋል፣ የተቀረበትም ያውቀዋል። በወረርሽኙ ወራት ማን ቤት ሳይደርሱ እንደቀሩ በልጃቸው ደብተር ላይ ስም በስም ያስጻፉ እናቶች ሰፈራችን ውስጥ ነበሩ። አዋጁ ሲያበቃ ያንን ደብተር ይዘው የወራት ለቅሶ ሊደርሱ ከቤት ቤት ሲዞሩ ታዩ። ከተዝካር በኋላ፣ ሙት ዓመት ሲደርስ ሳይቀር፣ «አልደረስኩላችሁም ነበር፤ ይቅር በሉኝ» እያለ የሚገባ ሰው ነበር። ባህሉ የፈረሰ ቢሆን ኖሮ ያንን ዕዳ ማን ይቆጥረው ነበር?

ዕድሩ የገንዘብ ሳጥን ሆነ የሚለውንም እዚህ ላይ ልጨርሰው። መተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል ይሰረዛል ይላል። ሊስትሮው፣ አስተናጋጇ፣ አስጎብኚው፣ የቀን ሠራተኛው ገቢያቸው በአንድ ሳምንት ሲደርቅ ኮሚቴው ያንን አንቀጽ ዘጋው፤ ማንም አልተሰረዘም። ለቀብር ከተቀመጠው ገንዘብ ላይም ተነሥቶ ዱቄትና ዘይት ተገዛ። በዚያ ሰሞን መንግሥት «ማዕድ ማጋራት» እያለ ይቀሰቅስ ነበር፤ ጥሩ ነገር ነው። እኛ ሰፈር ግን የማዕዱን ዝርዝር ያወጣው የዕድር መዝገብ ነው። ማን ቤት ስንት አፍ እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነበርና።

ለቅሶ ወደ ሞባይል ዞሯል የሚለው ክስ ደግሞ ከቀን አቆጣጠሩ ጋር አይገጥምም። አዋጁ ያበቃው 2012 ሲያልቅ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ነው፤ ከስምንት ወር ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ለቅሶ ብር በስልክ መላክ ሲለመድ ሰዉ ከቫይረስ እየሸሸ አልነበረም። ከለቅሶ ቤት የሚያርቀው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን «ባለመማሩና ባለማሰቡ» ወደሚለው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆጣቴን አልደብቅም።

የመሐል አዲስ አበባ ሰው ስለ ኮሮና አላወቀም ማለት አይቻልም። ስልክ ሲደውል ከጥሪው በፊት የሚሰማው የኮሮና ማስጠንቀቂያ ነበር። የኮሮና መጠየቂያና መጠቆሚያ የስልክ መስመር የነበረውን 8335ን ልጅ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ወረርሽኙ ከመግባቱ በዋዜማው የጤና ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን ቁጥር ሰው እንደ ኳስ ውጤት ይጠብቀው ነበር፤ ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት ሞተ። የዕውቀት ችግር አልነበረም። የነበረው የቤት ችግር ነው።

«ቤትዎ ይቆዩ» የሚለው ምክር ቤት ያለው ሰው የጻፈው ምክር ነው። ፒያሳና ዙሪያዋ የነበሩት አብዛኞቹ የቀበሌ ቤቶች ከ1967ቱ የትርፍ ቤቶች አዋጅ ጀምሮ የተወረሱ፣ ከዚያ በፊትም ያረጁ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። አንድ ክፍል፣ ላይዋ ላይ የተሠራች ቆጥ፣ ውስጧ ሦስት ትውልድ። ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ ነው። የቧንቧ ውሃው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። እጃችሁን 20 ሰከንድ ታጠቡ ሲባል እናቶች የሚያስቡት ከጀሪካኑ ስንት ጣሳ እንደሚጎድል ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መቆየት ከበሽታው ጋር ተዘግቶ መቀመጥ ነው፤ ሰው ወደ ደጅ የወጣው አየር ፍለጋም ጭምር ነው። ታክሲው በግማሽ ጭኖ ታሪፉን እጥፍ ሲያደርግስ? ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ እየተመላለሰች እንጀራ የምትጋግር ሴት ያንን ከየት አምጥታ ትክፈል? በእግሯ ወረደች፣ በእግሯ ወጣች። በዚያ ዳገት ላይ ማስኩ አገጯ ላይ ቢወርድ የሞራል ውድቀት አድርጎ መጻፍ ደግ አይደለም።

አዋጁ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር፤ ይህን ጽሑፉ በማመስገኑ ልክ ነው። ግን ያ ክልከላ የሚጠቅመው ውል ላለው ነው። ደባል የሆነ፣ አልጋ ብቻ ተከራይቶ የሚያድር፣ የቀበሌ ቤት ጥግ ላይ በቃል ስምምነት የሚኖር ሰው ማን ዘንድ ሄዶ ይከሳል?

ለሌላው ባለማሰብ ለሚለውም የ2012ን ፋሲካ ላስታውሳቸው። ሚያዝያ 11 ነበር። ሕዝበ ክርስቲያኑ ትንሣኤን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ፣ በየቤቱ በቴሌቪዥን ተከታተለ። በሳምንቱ ረመዳን ገባ፤ ተራዊሁ በየቤቱ ተሰገደ። እናቴ ያለ ቅዳሴ ያከበሩት ፋሲካ ያ ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ሬዲዮው ፊት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው አደሩ። ለእርሳቸው ከዚያ የከበደ ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ። ያደረጉት ደግሞ ለራሳቸው ፈርተው ሳይሆን «የሰው ልጅ እንዳላስጨርስ» ብለው ነው። ማኅበራዊ ኃላፊነት ሌላ ምንድን ነው?

እዚህ ጋ ግን ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። በ2013 መጀመሪያ አካባቢ ጥንቃቄው ላልቷል። ጤና ሚኒስቴር መመሪያ ቁጥር 30ን አውጥቶ ማስክ ያላደረገን እቀጣለሁ ቢልም ከባንክ በርና ከመሥሪያ ቤት ጥበቃ ፊት ውጭ ማንም አልሰማውም። ከዚያ የጥቅምት 24ቱ ጦርነት መጣ፤ ከዚያ በኋላ በየቤቱ የሚጠየቀው «ልጅህ የት ነው ያለው» ሆነ። በዚያው ጊዜ ሆስፒታል ኦክስጅን የሚፈልግ በሽተኛ ነበር። መንግሥት የመዘገበው የኮሮና ሟች በጠቅላላው ወደ 7 ሺህ 500 ይጠጋል፤ እያንዳንዱ የሰው ቤት ነው። ቸልተኝነት ነበር ቢሉ እቀበላለሁ። ከድህነትና ካለመማር ጋር ማያያዛቸው ነው ያልገባኝ፤ ትልልቅ ሆቴል ውስጥ የተደገሱት ሠርጎች የማን ነበሩ?

«በታሪካችን ታይቶ አይታወቅም» የሚለው ደግሞ ጸሐፊው የከተማዋን ሰው ሳይጠይቁ የጻፉት ነው። ኅዳር 12 ቀን ማለዳ አዲስ አበባ ለምን በጭስ ትታፈናለች? በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እዚህ ገባ፤ ሰዉ «የኅዳር በሽታ» አለው። በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10 ሺህ ሰው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ፤ ከተማዋ ያኔ ከአንድ ክፍለ ከተማ የማትበልጥ ነበረች። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። መቃብር ቆፋሪ ጠፍቶ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ሬሳ ተቀበረ፤ ቀባሪ ያጣ ሬሳ ቤት ውስጥ ቀረ። ለቅሶ አልነበረም፣ ድንኳን አልነበረም፣ ሙሾ አውራጅም አልነበረችም። የባህል መናወጥ ከተባለ ከዚያ የበለጠ የት አለ?

ታዲያ ከዚያ ሁሉ ምን ተርፎ ቆየ? ለቅሶው በሙሉ ክብሩ ተመልሷል። ተርፎ የቆየው የቆሻሻ እሳት ነው። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ግቢ ጠርጎ፣ ጥራጊውን ደጅ ላይ ቆልሎ ማቃጠል። እኔ ልጅ ሆኜ ጎማ የምንጨምረው ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ «ኅዳር ሲታጠን ነው» ተባልን፣ አጠንን። አሁን ጭሱ ለሳንባ ጠንቅ ነው እየተባለ ቆሻሻው እንዲነሣ እንጂ እንዳይቃጠል ይመከራል፤ ትክክል ነው። የሚገርመኝ ግን ወረርሽኝ ምን ትቶ እንደሚያልፍ ማንም አስቀድሞ አለማወቁ ነው። በ1911 የኖረ ጸሐፊ ቢኖር «ለቅሶ ቀረ» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቹ ደጃፋቸው ላይ ቆሻሻ ያጥናሉ ብሎ ግን አይገምትም።

ሁለተኛው ኤች አይ ቪ ነው። ይህኛውን ጸሐፊውም ያስታውሱታል፤ ዕድሜያቸውን ከአጻጻፋቸው እገምታለሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መሐል አዲስ አበባ ላይ ጡሩምባው ዕረፍት አጥቶ ነበር። የሚቀበረው ወጣት ነው፤ ሲነገር ደግሞ «ሲታመም ቆይቶ» ተብሎ ይታለፋል። መጀመሪያ ላይ ዕድሮቻችን ያሳዩት ባሕርይ የሚያኮራ አልነበረም። ታማሚን የሚያገል፣ ሳህኑን የሚለይ ሰው ነበር፤ ሲሞት ግን ያው ሰው ድንኳን ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ያለቅሳል። በኋላ የዕድር ካዝና መሟጠጥ ጀመረ። ያኔ አንዳንድ ዕድሮች ደንባቸውን ከፍተው፣ ለቀብር የሚከፈለውን ከፊሉን ሰው በሕይወት እያለ ለሕክምና እንክፈል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችንም እንያዝ አሉ። በዚያው ዘመን ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች እንደ ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራትን አቋቁመው በአደባባይ ወጡ። በ1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ለብዙ ሰው ዘግይቶ ነበር፤ የዕድሩ ደንብ ግን ያን ጊዜ ተለውጦ ጠበቀው። በ2012 ኮሚቴያችን የመሰረዣውን አንቀጽ ሲዘጋና ከቀብር ገንዘብ ዱቄት ሲገዛ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አልነበረም። ዳኛችን ራሳቸው፣ «ይኼን እኮ በዚያኛው ጊዜ አድርገነው ነበር» ብለው አሮጌውን ቃለ ጉባኤ ከሣጥን አውጥተው አነበቡልን።

አንድ ሕዝብ አደረገን የሚለውን ምስጋና ግን አልቀበልም፤ ብዙም አልቆይበትም። የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በሳምንቱ መሐል ከተማ ላይ ነጭ ወይም እስያዊ መልክ ያለውን ሁሉ «ኮሮና! ቻይና!» እያሉ የሚያሳድዱ፣ ታክሲ የሚከለክሉ ነበሩ። የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹን እስከ ማስጠንቀቅ ደርሶ ነበር። እንግዳ ተቀባይ ነን የምንለው እኛ ነን። ከአረብ አገር ተባርረው መጥተው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለይቶ ማቆያ የገቡ እህቶቻችን ሲወጡ በየሰፈሩ የገጠማቸውን ዓይን አይተናል። ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ቤት ፍለጋ ስትመጣ «ተይዟል» ያላት አከራይ በእኛም ሰፈር ነበር፤ ቤቱ ከዚያ በኋላ ለወራት ባዶውን ተቀምጧል። መከራ አንድ ያደረገው ቀድሞ የሚተዋወቀውን ነው። የማይተዋወቀውን አራርቆታል።

ወደ ፒያሳ ልመለስ፤ ከጽሑፉ ጋር ያጋጨኝ ዋናው ነገር ይህ ነውና።

ጎረቤት ጎረቤቱን የማያውቅበት ሰፈር ሆኗል ይላሉ። እውነት ነው። ግን ማን አደረገው? ኮሮና ከመሐል ከተማ በትክክል የወሰደውን አንድ ነገር ልንገራቸው፤ አትክልት ተራን ነው። ሚያዝያ 2012 ላይ ሕዝብ እንዳይጨናነቅ ተብሎ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጃን ሜዳ ደግሞ የጥምቀት ሜዳ ነው፤ በዓሉ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ገና ወራት መቆጠሩ ነበር። ክረምቱ መጣ፤ ሜዳው በጭቃና በበሰበሰ ጎመን ተሞላ። ጥምቀት 2013 ሲቃረብ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተነሥቶ ወጣቶች ሜዳውን በአካፋ ጠረጉት። ታቦታቱ ገቡ፤ ጥምቀቱ ቦታውን አላጣም። አትክልት ተራ ግን ወደ ፒያሳ አልተመለሰም።

ይህ ለሰፈሩ ምን ማለት እንደነበር በውጭ ላለ ሰው አይታየውም። ገበያው የነጋዴ ብቻ አልነበረም። የተራገፈውን ሽንኩርት የምትለቅም፣ የተጨፈለቀውን ቲማቲም በርካሽ ገዝታ በመደብ የምትቸረችር፣ ካሮት አጥባ የምታድር ሴት ሁሉ ከዚያ ትበላ ነበር። ከዕድራችን እናቶች ብዙዎቹ ወርሃዊ መዋጯቸውን ከዚያ ያመጡ ነበር። ኃይሌ ጋርመንት ድረስ በሁለት ታክሲ ሄዶ ተራርፎ የቀረ ሽንኩርት መልቀም አያዋጣም። ይሄንንም ቢሆን ቫይረሱ አልወሰነውም። ቫይረሱ ምክንያት ሆነ፤ ጊዜያዊ የተባለው እንዲቀር የወሰነው ሰው ነው።

ከዚያ 2016 መጣ። በኮሪደር ልማቱ ከመጋቢት ጀምሮ ፒያሳ መፍረስ ጀመረ፤ ዶሮ ማነቂያም አብራ ፈረሰች። በ2017 መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ተከተለች፤ ነዋሪዎቿ ገላን ጉራ ገቡ። የእኛም ሰው በከተማዋ ዳር ወደሚገኙ ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ። ፍርዴን ሚዛናዊ ላድርገው፤ እናቴ ዛሬ የራሳቸው ሽንት ቤት አላቸው፣ ግድግዳቸው አያፈስም፣ ሌሊት ወጥተው ከጎረቤት ጋር ወረፋ አይዙም። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ አሁን ቤታቸው መቆየት ይችላሉ! ግን ለ40 ዓመት አብረዋቸው ቡና የጠጡት ሰዎች አንዷ በምሥራቅ ዳር፣ አንዷ በደቡብ ዳር ናቸው። ጡሩምባ የሚነፋበት ሰፈር የለም፤ በቴሌግራም ነው የሚነገረው። ለቅሶ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይያዛል፤ ጉልበቱ የደከመ ሰው አይመጣም፣ የለቅሶውን ብር ይልካል። ጸሐፊው «በስልክ የሚደረስ ለቅሶ» ያሉት ይህንን ነው። ያዩት ልክ ነው፤ በሽታውን ግን ስተውታል። በ2012 ክልከላ ላይ የነበረ ሰፈር ደጃፉ ላይ ቆሞ ሬሳ ሸኝቷል። በ2017 ምንም ክልከላ የለም፤ ደጃፉ ግን ፈርሷል።

ቀጥሎ መፍትሔያቸው ይመጣል፤ ዕድሮች በሕግ ኃላፊነት ይሰጣቸው የሚለው። ዕድር ማኅተም እንዲኖረው፣ እንዲመዘገብ ማንም አይቃወምም፤ ብዙዎቹም ማኅተም አላቸው። ግን በኤች አይ ቪ ጊዜም፣ በኮሮናም ጊዜ ሰዉን ያሰባሰበው በወረቀት የተሰጠ ግዴታ አልነበረም፤ አብሮ መኖር ነው። የተበተነ ዕድር ላይ ግዴታ ብትጭንበት ለሪፖርት የሚሆን ኮሚቴ ያቋቁምልሃል፤ ከዚያ አያልፍም።

እኔ ሕግ አውጪ ብሆን ከዚህ ትንሽ ነገር እጀምር ነበር። ኮንዶሚኒየሞች ሲሠሩ በየብሎኩ አጠገብ የጋራ መገልገያ ቤት እንዲኖር ታስቦ ነበር፤ ለድግስ፣ ለለቅሶ፣ ለማኅበር ተብሎ። ዛሬ ብዙ ቦታ ብትሄዱ ያ ቤት ተከራይቶ የዕቃ መጋዘን ወይም ሱቅ ሆኗል። ለቅሶ የገጠመው ሰው ድንኳኑን የሚተክለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ ለዚያም የመኪና ባለቤቶችን አንድ በአንድ እየደወለ ይለምናል። የእኛ ዕድር ድንኳን፣ አግዳሚና ብረት ድስት ዕቃ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ በሦስት አባላት ቤት ተከፋፍሎ ተቀምጧል፤ ለአንድ ለቅሶ ሦስት ቦታ አይሱዙ መላክ አለብን። ኪራዩ ከመዋጯችን በላይ ስለሆነ አሁን ከሌላ ዕድር መዋስ ጀምረናል። ያ የጋራ ቤት ለታሰበለት ሥራ ይመለስና የዕድር ዕቃ ይግባበት፤ አንድ የውሃ ቧንቧም በሩ ላይ ይኑረው። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይህን ቢጠይቁልን ፊርማዬን ከሥር አኖራለሁ።